እንቁላሏን ማን ያስቆማታል? ሚዮሲስ በሴቴ እንስሳት የሚመራበት ሥርዓት

በዚህ ወር ከአንዲት የአርባ ዓመት ሴት ኦቫሪ የምትወጣው እንቁላል መከፋፈል የጀመረችው ሴትዮዋ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው። የጀመረችውን ክፍፍል ሳትጨርስ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ቆማ ትቆይና፣ ሥራዋን የምትቀጥለው ከኦቫሪ ለመውጣት አንድ ቀን ተኩል ያህል ሲቀራት ነው። በወንዱ በኩል እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የወንድ ዘር ከመነሻው ሴል ተነሥቶ ራስና ጅራት እስኪያወጣ የሚፈጀው ከሁለት ወር ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ሲሆን፣ ምርቱም ከጉርምስና እስከ እርጅና አይቋረጥም። የመጀመሪያ ልጃቸውን ወደ ሠላሳዎቹ መጨረሻ የሚያዘገዩ ሴቶች በብዙ አገሮች እየበዙ በመጡበት፣ እንቁላል በበረዶ ማቆየት በገንዘብ የሚገዛ አገልግሎት በሆነበት፣ ከቆዳ ሴል እንቁላል ለመሥራት በሚሞከርበት በዚህ ጊዜ፣ ያ ረጅም ቆይታ በምን እንደሚጠበቅና በምን እንደሚያበቃ መረዳት ለብዙ ቤተሰብ የቀረበ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ሆርሞን እንቁላሏን «ያበስላታል» የሚል ነው። አነጋገሩ ስሕተት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይሸፍናል፤ ሆርሞኑ በዋናነት የሚያደርገው ይዟት የቆየውን ማስለቀቅ ነውና።

ሚዮሲስ አንድ ሴል የክሮሞዞሞቹን ብዛት በግማሽ የሚቀንስበት ክፍፍል ነው፤ በሰው 46 የነበረው 23 ይሆናል። ሴሉ ዲኤንኤውን አንድ ጊዜ ብቻ ያባዛና ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍፍል ከእናትና ከአባት የመጡት ጥንድ ክሮሞዞሞች ይለያያሉ፤ በሁለተኛው ደግሞ የእያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ቅጂዎች ይለያያሉ። ይህ ከመሆኑ በፊት ጥንዶቹ ጎን ለጎን ተጣምረው ክፍሎቻቸውን ይለዋወጣሉ። ልውውጡ የዘር ባሕርይን ከማደባለቁ ሌላ ጥንዶቹን እስከ መለያያቸው ሰዓት ድረስ አያይዞ ያቆያል። ሁለቱን ቅጂዎች አንድ ላይ የሚያስራቸው ደግሞ ኮሂሲን የተባለው የቀለበት ቅርጽ ያለው ፕሮቲን ነው፤ ስለ ዕድሜ ስንነጋገር ስለምንመለስበት አንባቢ ስሙን ቢይዘው መልካም ነው።

በሴት ፅንስ ውስጥ ያሉት የዘር ሴሎች ወደ ሚዮሲስ መግባት የሚጀምሩት በሰው ከሦስተኛው የእርግዝና ወር ገደማ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ በአውስትራሊያ ሌላው በአሜሪካ፣ ለዚህ መነሻ የሚሆነው ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድ መሆኑን፣ እርሱም ስትራ8 የተባለውን ጂን እንደሚያስነሣ በአይጥ ፅንሶች ላይ አሳዩ። በወንድ ፅንስ ውስጥ ይህን ንጥረ ነገር የሚያጠፋ ኤንዛይም ስላለ የወንዶቹ ሴሎች ሚዮሲስን ሳይጀምሩ ይቆያሉ። ማብራሪያው ያማረ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሬቲኖይክ አሲድ የሚሠሩት ኤንዛይሞች የተወገዱባቸው የአይጥ ፅንሶች ሚዮሲስን ሲጀምሩ ታዩ፤ ስለዚህም የመጀመሪያው ትእዛዝ ከየት እንደሚመጣ ክርክሩ እንደገና ተከፈተ። ያልተከራከሩበት ነገር ቁጥሩ ነው። በአምስተኛው የእርግዝና ወር በሴት ፅንስ ኦቫሪዎች ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ሴሎች ይገኛሉ፤ ልጅቷ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራሉ፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜዋ ሁሉ ከኦቫሪ የሚወጡት ከ400 እስከ 500 ገደማ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በቆሙበት ይሞታሉ።

የሚቆሙት ጥንድ ክሮሞዞሞች ክፍሎቻቸውን ከተለዋወጡ በኋላ፣ ከመለያየታቸው በፊት ነው። ይህ መቆም ከምን እንደሚመጣ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጡት ግሪጎሪ ፒንከስና ባልደረባው ኤንዝማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 የጥንቸል እንቁላሎችን ከያዛቸው ከረጢት፣ ማለትም ከፎሊክሉ፣ አውጥተው በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሲያስቀምጧቸው፣ እንቁላሎቹ ሆርሞን ሳይጠብቁ ክፍፍላቸውን በራሳቸው ቀጠሉ። ፒንከስ በኋላ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን ካስገኙት ሰዎች አንዱ ሆኖ ስሙ ገንኗል፤ ለእኔ ግን ይህ የቀድሞ ሙከራው ይበልጥብኛል። እንግሊዛዊው ሮበርት ኤድዋርድስም እ.ኤ.አ. በ1965 የሰው እንቁላል ከፎሊክሉ ሲወጣ እንደዚሁ እንደሚያደርግ፣ ጊዜውም 36 ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ አሳየ፤ ከማሕፀን ውጭ ተጸንሳ በ1978 በመጀመሪያ ለተወለደችው ለሉዊዝ ብራውንና በ2010 ለተሸለመው የኖቤል ሽልማት ያደረሰው መንገድ ከዚህ ይጀምራል። እንግዲህ ለአካለ መጠን የደረሰች እንቁላል ቁልቁለት ላይ በእጅ ፍሬን የቆመች መኪና ናት፤ ለመሄድ የሚገፋት አያስፈልጋትም፣ የሚያስፈልጋት ፍሬኑን የሚለቅላት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱት ትንንሾቹ እንቁላሎች ግን ከፎሊክል ቢወጡም አይነቃነቁም፤ ክፍፍሉን የሚያካሂዱት ፕሮቲኖች በበቂ መጠን ገና አልተሠሩላቸውምና።

ክፍፍሉን የሚያካሂደው ነገር የታወቀው በእንቁራሪት ነው። ዮሺዮ ማሱይና ክሌመንት ማርከርት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ሥራ፣ ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ተሰጥቷት ክፍፍሏን ከቀጠለች የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ በቀጭን የመስታወት መርፌ ጥቂት ፈሳሽ ቀድተው፣ ምንም ሆርሞን ወዳልነካት እንቁላል ጨመሩት። ተቀባይዋም ክፍፍሏን ቀጠለች። በፈሳሹ ውስጥ አብሳይ ነገር እንዳለ ግልጽ ሆነ፤ ኤምፒኤፍ ተባለ። በዚሁ ሥራ ሌላም ነገር አዩ፤ ጨርሳ ከበሰለችና የወንድ ዘር ከምትጠብቅ እንቁላል የተቀዳ ፈሳሽ በመከፋፈል ላይ ወዳለ የሁለት ሴል ፅንስ ሲጨመር ክፍፍሉን ቀጥ አደረገው። ይህን አቋሚ ነገር ሲኤስኤፍ አሉት። ኤምፒኤፍ ተጣርቶ የወጣው ከ17 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ሲዲኬ1 የተባለ ኤንዛይምና ሳይክሊን ቢ የተባለ አጋሩ ሆኖ ተገኘ፤ እርሾን ጨምሮ ኒውክለስ ያላቸው ሴሎች ሁሉ ለመከፋፈል የሚጠቀሙበት ያው ጥንድ ነው። የ2001 የኖቤል ሽልማት በሴል ክፍፍል ምርምራቸው ለሃርትዌል፣ ለሃንትና ለነርስ ሲሰጥ ማሱይ አልተካተተም። ከሦስት ዓመት በፊት ከሃርትዌልና ከነርስ ጋር የላስከርን ሽልማት መጋራቱ ቅሬታውን ሙሉ በሙሉ የሚያነሣ አይመስለኝም።

ስለዚህ «እንቁላሏን ማን ያስቆማታል?» የሚለው ጥያቄ «ሲዲኬ1ን ማን ያስተኛዋል?» ወደሚል ይለወጣል። መልሱ በሁለት በኩል ይገኛል፤ ግማሹ በእንቁላሏ ውስጥ፣ ግማሹ በዙሪያዋ ባሉት ሴሎች ዘንድ።

በእንቁላሏ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ትንሽ የመልእክት ሞለኪውል በብዛት ይገኛል። በአጥቢ እንስሳት ይህን የምትሠራው ራሷ እንቁላሏ ናት፤ በገጽዋ ላይ ያለው ጂፒአር3 የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ሥራውን ያስነሣዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደታየው ይህ ተቀባይ የሌላቸው እንስት አይጦች እንቁላሎቻቸው ያለ ጊዜያቸው፣ ገና በፎሊክል ውስጥ ሳሉ፣ ክፍፍላቸውን ይቀጥላሉ። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲበዛ ፒኬኤ የተባለ ኤንዛይም ይነቃል፤ እርሱም ሲዲኬ1ን የሚያስተኛውን ዊ1ቢን ያበረታል፣ የሚቀሰቅሰውን ሲዲሲ25ቢን ደግሞ ያግዳል። በተጨማሪም ሳይክሊን ቢ ከልክ በላይ እንዳይከማች ኤፒሲ የተባለው የፕሮቲን አጥፊ ማሽን ያለማቋረጥ ይቀንሰዋል። አደራው እንዲህ በተደራረበ መንገድ ነው የሚጠበቀው።

ነገር ግን በዚያችው እንቁላል ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚያፈርስ ፒዲኢ3ኤ የተባለ ኤንዛይም አለ። ይህ ኤንዛይም ነጻ ቢሆን መልእክቱን በቶሎ አጥፍቶ ክፍፍሉን ያስጀምር ነበር። ነጻ እንዳይሆን የሚያደርገው ከውጭ የሚገባ ሌላ ሞለኪውል፣ ሳይክሊክ ጂኤምፒ ነው። እንቁላሏን የከበቧት ሴሎች ቀጫጭን እጆቻቸውን በእንቁላሏ ዙሪያ ባለው ወፍራም ሽፋን ውስጥ አሳልፈው ከገጽዋ ጋር ይገናኛሉ፤ በመገናኛው ላይ ትንንሽ ሞለኪውሎች ከሴል ወደ ሴል የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሳይክሊክ ጂኤምፒ በእነዚህ ቀዳዳዎች እየገባ ፒዲኢ3ኤን ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የታተሙት ጥናቶች ሰንሰለቱን እስከ መነሻው አደረሱት፤ የፎሊክሉ ግድግዳ ሴሎች ሲኤንፒ የተባለ አጭር ፕሮቲን ያመነጫሉ፣ በእንቁላሏ ዙሪያ ያሉት ሴሎች ኤንፒአር2 በተባለ ተቀባይ ይቀበሉትና ሳይክሊክ ጂኤምፒ ይሠራሉ። የፒንከስ ጥንቸሎች ጉዳይ በዚህ ተፈታ። እንቁላሏ ከፎሊክል ስትወጣ ስንቁ ይቋረጣል፣ ፒዲኢ3ኤ ነጻ ይወጣል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ያልቃል፣ ሲዲኬ1 ይነሣል። በአንጻሩ ፒዲኢ3ኤ የሌላቸው እንስት አይጦች እንቁላል ቢያወጡም እንቁላሎቹ ከቆሙበት ስለማይነቃነቁ መካን ናቸው።

በተፈጥሮው መንገድ ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ከአንጎል ሥር ካለችው ከፒቱታሪ ዕጢ በወር አበባ ዑደት አጋማሽ ገደማ የሚጎርፈው ኤልኤች የተባለው ሆርሞን ነው። የሚገርመው እንቁላሏ የኤልኤች ተቀባይ የሌላት መሆኗ ነው። ሆርሞኑ የሚያርፈው በፎሊክሉ የውጭ ግድግዳ ሴሎች ላይ ሲሆን፣ በደቂቃዎች ውስጥ ኤንፒአር2 ሥራውን እንዲቀንስ፣ የሴሎቹም መገናኛ ቀዳዳዎች እንዲዘጉ ያደርጋል፤ እንቁላሏ ዘንድ የሚደርሰው ወሬ የሳይክሊክ ጂኤምፒ ማነስ ብቻ ነው። በመካንነት ሕክምና ውስጥ ያለፈች ሴት ይህን ሰዓት በሚገባ ታውቀዋለች። ሐኪሟ የመጨረሻዋን መርፌ በዚህ ሌሊት በዚህ ሰዓት ተወጊ ብሎ በደቂቃ የሚወስንላት፣ መርፌው የኤልኤችን ሥራ ስለሚሠራና እንቁላሎቹ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀዳት ስላለባቸው ነው። ቀደም ቢባል የመጀመሪያው ክፍፍል አላለቀም፤ ቢዘገይ ፎሊክሉ ይፈነዳና እንቁላሏ ታመልጣለች።

መልእክተኛው ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። በኮከብ ዓሣ አንድ-ሜቲል አዴኒን የተባለ ቀላል ንጥረ ነገር ነው፤ ጃፓናዊው ሀሩዎ ካናታኒ እ.ኤ.አ. በ1969 ለይቶ አውጥቶታል። በእንቁራሪት በፕሮጄስትሮን ይሠራል። በምርምር ቤቶች ዘንድ በሚታወቀው ሲ. ኤለጋንስ በተባለው ትንሽ ትል ትእዛዙን የሚያመጣው ራሱ የወንዱ ዘር ነው፤ የዘሩ ዋና ፕሮቲን ከሩቅ ሆኖ እንቁላሏን ያነሣታል፣ ዘር በሌለበት እንቁላል አይባክንም። በጥንቸል፣ በድመትና በግመል ደግሞ ኤልኤች የሚጎርፈው ከወንዱ ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው። በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና ያሉ አርብቶ አደሮች የሚያረቧት እንስት ግመል እንደ ላም በየሦስት ሳምንቱ እንቁላል አታወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በዘመዷ በላማ ላይ እንደተረጋገጠው፣ በወንዱ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲን ወደ ደሟ ገብቶ ኤልኤችን ያስለቅቃል። ግመልን በሰው ሰራሽ ዘዴ ለማዳቀል ዘሩን ብቻ ማስገባት የማይበቃውና የሆርሞን መርፌ የሚታከልበት ለዚህ ነው። ውሻ ከሁሉ ትለያለች፤ እንቁላሎቿ ከኦቫሪ የሚወጡት ሚዮሲሳቸውን ሳይቀጥሉ ነው፣ ወደ ማሕፀን በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ለመብሰል ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል።

የመጀመሪያው ክፍፍል ሲያልቅ እንቁላሏ ግማሹን ክሮሞዞም ፖላር ቦዲ በተባለች ትንሽ ሴል ጠቅልላ ታስወጣለች፤ ምግቧንና ፈሳሿን ግን ለራሷ ታስቀራለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጂኖቿ ዝም ባሉበት ሰዓት ስለሆነ፣ የሚያስፈልጓትን ፕሮቲኖች የምትሠራው አስቀድማ ካከማቸችው የመልእክት አርኤንኤ እየመረጠች ነው። ወዲያው ሁለተኛውን ክፍፍል ትጀምርና መሀል ላይ እንደገና ትቆማለች። ማሱይ ያየው አቋሚ ነገር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሞስ የተባለው ፕሮቲን በሚያስነሣው ሰንሰለት በኩል ኤሚ2 የተባለው ፕሮቲን ኤፒሲን ያግዳል፣ ሳይክሊን ቢም ሳይጠፋ ይቆያል። የወንዱ ዘር ሲገባ ፒኤልሲ ዜታ የተባለውን ኤንዛይም ይዞ ይመጣል፤ በእንቁላሏ ውስጥ የካልሲየም ማዕበል እየደጋገመ ይነሣል፣ ኤሚ2 ይጠፋል፣ ኤፒሲ ይለቀቃል፣ ሁለተኛውም ክፍፍል ያልቃል። ይህ ሁለተኛ ቆይታ ከንቱ እንዳልሆነ የሚያሳየው ሞስ የሌላቸው አይጦች ጉዳይ ነው፤ እንቁላሎቻቸው ያለ ወንድ ዘር መከፋፈል ይጀምራሉ፣ በኦቫሪያቸውም ላይ ዕጢ ይበቅላል። የማቆሚያው ቦታም እንደ እንስሳው ነው፤ አንዳንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመዶች ገና በመጀመሪያው ቆይታ ላይ ሳሉ ይጸነሳሉ፣ ነፍሳት በመጀመሪያው ክፍፍል መሀል ይጠብቃሉ፣ የባሕር ጃርት ደግሞ ሚዮሲሷን ጨርሳ ትጠብቃለች።

አሁን ወደ ዕድሜ እንመለስ። ክሮሞዞሞቹን የሚያስሩት የኮሂሲን ቀለበቶች የሚገጠሙት በፅንስነት ዘመን ነው። በእንግሊዝ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በአይጥ ላይ እንዳሳዩት፣ እንቁላሏ እያደገች ሳለ አዲስ ቀለበት ወደ ክሮሞዞሞቹ አይጨመርም፤ ከልደት በፊት የተገጠመው ብቻውን ሥራውን እስከ መጨረሻው ይሸከማል። ቀለበቶቹ ከዓመት ዓመት እየሳሱ ሲሄዱ ጥንዶቹና ቅጂዎቹ ያለ ሰዓታቸው ይላቀቃሉ። በዚህ ላይ የሰው እንቁላል ክሮሞዞሞቹን የሚጎትተውን የክር መዋቅር ለመሥራት 16 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል፣ የተሳሳተ አሰላለፍ ሲኖር ክፍፍሉን የሚያዘገየው ተቆጣጣሪ ሥርዓትም በእርሷ ዘንድ ለዘብ ያለ ነው። ውጤቱ በቁጥር ይታያል፤ ከዳውን ሲንድሮም ጋር የሚወለድ ልጅ የ25 ዓመት እናት ዘንድ ከ1,250 ወሊዶች አንድ ገደማ ሲሆን፣ በ35 ዓመት ከ350 አንድ፣ በ40 ከ100 አንድ፣ በ45 ከ30 አንድ ይደርሳል። ብዙዎቹ የክሮሞዞም ስሕተቶች ግን እስከ ልደት አይደርሱም፤ እናቲቱ እርግዝናዋን ሳታውቅ ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቋረጣሉ። እንቁላል ማስቀዝቀዝ የሚጠቅመው የቀለበቶቹን እርጅና ባለበት በማቆሙ ነው፤ ያረጀውን አያድስም። በ40 ዓመቷ እንቁላሏን ያስቀመጠች ሴት የምታቆየው የ40 ዓመት እንቁላል መሆኑ በግልጽ ሊነገራት ይገባል።

የእገዳውን አሠራር ማወቅ በሕክምና በኩል የከፈተው በር ያልበሰሉ እንቁላሎችን ከሰውነት ውጭ ማብሰል ነው። በከብት ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ ከቄራ ከሚመጣ ኦቫሪ ላይ ከ2 እስከ 8 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ፎሊክሎች በመርፌ ይቀዳሉ፣ በማጉያ መነጽር ሥር ሴሎች ጥቅጥቅ ብለው የከበቧቸው እንቁላሎች ተመርጠው በ38.5 ዲግሪ ሙቀት ለ24 ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። በሴቶች ላይ ውጤቱ ለረጅም ጊዜ ከተለመደው ዘዴ ያነሰ ነበር፤ አንዱ ምክንያት እንቁላሏ ገና ከመቀዳቷ ክሮሞዞሞቿ ክፍፍሉን ሲጀምሩ ቀሪው አካሏ ስንቁን አለመጨረሱ ነው። በብራስልስና በሆ ቺ ሚን ከተማ ያሉ ቡድኖች መፍትሔ ያሉት ተፈጥሮን መኮረጅ ነበር፤ እንቁላሎቹን መጀመሪያ በሲኤንፒ ውስጥ ለአንድ ቀን አቁሞ ማቆየት፣ ከዚያ በኋላ ማስነሣት። ይህ በተለይ ኦቫሪያቸው ለብዙ የሆርሞን መርፌ አደገኛ በሆነ መጠን ለሚቆጣ ሴቶች፣ እንዲሁም የካንሰር ሕክምና ለመጀመር ጊዜ ለሚያጥራቸው ጠቃሚ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከማሕፀን ውጭ የማስጸነስ አገልግሎት በሚሰጥበት በአገራችንም፣ መድኃኒት የሚቀንስ ዘዴ በቅርብ መከታተል የሚገባ ይመስለኛል።

በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ከኦሪገን የጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የተሰማው ዜና ግን የበለጠ ጫጫታ አስነሥቷል። ተመራማሪዎቹ የቆዳ ሴልን ኒውክለስ፣ የራሷ ኒውክለስ ወደተወገደላት፣ በሁለተኛው ቆይታ ላይ ወዳለች የለጋሽ እንቁላል አስገቡ። የእንቁላሏ ፈሳሽ የቆዳውን ክሮሞዞሞች ሳይባዙ እንዲጠቀለሉና ለክፍፍል እንዲሰለፉ አስገደዳቸው፤ የወንድ ዘር ገብቶና ሲዲኬን የሚያግድ መድኃኒት ታክሎ ግማሽ ያህሉ በፖላር ቦዲ ወጡ። በዚህ መንገድ 82 እንቁላሎች ተሠርተው፣ ከተጸነሱት ውስጥ 9 በመቶ ያህሉ እስከ ስድስተኛው ቀን አደጉ። ማሱይ በእንቁራሪት ያየው የፈሳሹ ኃይል በሰው እንቁላል ውስጥ ለሌላ ዓላማ ሲውል መታየቱ በእርግጥ ድንቅ ነው። «ከቆዳ እንቁላል ተሠራ» የሚለውን አርዕስት ግን በጥንቃቄ ማንበብ ይሻላል። ከ23ቱ ጥንዶች የትኛው ክሮሞዞም እንደሚወጣና የትኛው እንደሚቀር የተወሰነው በዕድል ነበር፤ ከአንዱ ጥንድ ሁለቱም የቀሩበት፣ ከሌላው ሁለቱም የወጡበት ሁኔታ ታይቷል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ለሕክምና ለመድረስ ቢያንስ አሥር ዓመት ምርምር ይቀራል ብለዋል። የእንቁላሏ ፈሳሽ ክሮሞዞሞችን ተለያዩ ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ የቆዳ ሴል ክሮሞዞሞች ግን ከመለያየታቸው በፊት ተጣምረው አያውቁም፣ ክፍሎቻቸውንም አልተለዋወጡም፤ ያ ሥራ የሚሠራው ከመጀመሪያው ቆይታ በፊት፣ በፅንሷ ኦቫሪ ውስጥ ነው።